ቃልና ጾታ በሐዲያና በከምባታ አካባቢ
የሴትና የወንድ አሣሣል በዕለት ንግግር፣ በሕግና በመገናኛ ብዙኃን፤ ታሪካዊ ቅኝት

1. መግቢያ

ቋንቋ የመግባቢያ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ኅብረተሰብ ስለ ሰው ልጅ ያለውን ግምት የሚያኖርበት ጎተራም ነው። አንድ ሕፃን ወንድነት ምን እንደሚያስመሰግን፣ ሴትነትም ምን እንደሚያስከለክል የሚማረው በአብዛኛው በምክር ሳይሆን በየዕለቱ ከሚሰማቸው ቃላት ነው። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ እነዚህን ቃላት ከነግምታቸው ይዞ ይገባል። መምህሩም ሆነ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ ሥራውን የሚጀምረው ከባዶ ሜዳ አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሴትና የወንድ ምስል በንግግር፣ በጽሑፍ፣ በሕግና በመገናኛ ብዙኃን እንዴት ሲሣል እንደቆየ፣ የሐዲያንና የከምባታን አካባቢ መነሻ በማድረግ ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ፎንቆና የሦስት ቋንቋዎች ጎረቤትነት

ፎንቆ በሐዲያ ዞን የአና ሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ዞኑ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ነች። የአና ሌሞ ወረዳ ከስልጤ ዞን ጋር ይዋሰናል። በዚህም ምክንያት በፎንቆና በአካባቢዋ ቢያንስ ሦስት ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ እነርሱም የምሥራቅ ደጋ ኩሽ ቋንቋ የሆነው ሐዲይሳ፣ ሴማዊው ስልጢኛ እና የሥራና የንግድ መግባቢያ የሆነው አማርኛ ናቸው።

እነዚህ ቋንቋዎች ጾታን የሚለዩበት ሥፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። አማርኛ ገና ሰውን ሲያነጋግር «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ይለያል፤ ግሱም «ና» ወይም «ነይ» ይላል። ስልጢኛም በዚህ ረገድ እንደ አማርኛ ነው። ሐዲይሳና እኅቱ ከምባትኛ ግን በነጠላ ሁለተኛ መደብ አንዱ ተውላጠ ስም ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ ጾታ የሚለየው በሦስተኛ መደብ፣ ማለትም ስለ ሌላ ሰው በሚነገርበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በሐዲይሳ አፉን የፈታ ተማሪ አማርኛን ሲማር ከአዲስ ቃል በተጨማሪ አዲስ ግዴታ ይጋፈጣል። ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ሳይወስን ዓረፍተ ነገሩን ሊጨርስ አይችልም። በዚህ የተነሣ «አንተ» እና «አንቺ» ቢደባለቁበት የቋንቋው ሥርዓት ልዩነት እንጂ የአእምሮ ድክመት ምልክት አይሆንም፤ መሳቂያ ሊሆንም አይገባም።

አማርኛ ራሱ ጾታን ሁልጊዜ እኩል አይለይም። «እርስዎ»፣ «አንቱ» እና «እሳቸው» የሚሉት የአክብሮት ቃላት ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። ሰው በተከበረ ጊዜ ጾታው ከሰዋስው ይጠፋል፤ ጎልቶ የሚወጣው በእኩያነት ወይም ዝቅ ተደርጎ ሲጠራ ነው። ከዚህም በላይ የአንስታይ ጾታ ምልክት ለትንሽ ነገርና ለፍቅር መግለጫ ይውላል። ትንሽ ቤት «ቤቷ»፣ የተወደደች መኪና «መኪናዋ» ትባላለች። ወንድን በአንስታይ መጥራት እንደ ነገሩ ሁኔታ ቁልምጫ ወይም ንቀት ሲሆን፣ ሴት ልጅን «አንተ» ብሎ መጥራት ግን በአብዛኛው ማቆላመጥ ነው።

3. የምስጋናና የነቀፋ ቃላት

በአማርኛ «ወንድ» የሚለው ቃል የጾታ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ «ጀግና» የሚል ትርጉምም አለው። «ወንዳታ!» የሚለው ማሞገሻ ከዚሁ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ጥሩ የሠራችን ሴት ለማመስገንም ይነገራል። ሴቲቱ የምትመሰገነው በሌላው ጾታ ስም ነው። በአንጻሩ «ሴታሴት» የሚለው ወንድን ለማዋረድ የሚነገር ነው።

በተረትና ምሳሌውም ተመሳሳይ ሚዛን ይታያል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የሴት ዕውቀት ያለ ወንድ ፍጻሜ እንደሌለው ይናገራል፤ «ሴትን ያመነ ጉም የዘገነ» የሚለውም በሴት ላይ እምነት መጣልን ይነቅፋል። ይሁንና የሕዝብ ቃል አንድ ወጥ አይደለም። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» የሚለው ሁለቱን በእኩል ያቆማል። «ባለቤት» የሚለውም ቃል ባል ስለ ሚስቱ፣ ሚስትም ስለ ባሏ የምትናገርበት በመሆኑ የቤቱን ባለቤትነት ለሁለቱም ይሰጣል። የቀድሞው ትውልድ ያወረሰው ንግግር የጭቆናና የእኩልነት ቃላትን ጎን ለጎን የያዘ ስለሆነ፣ የትምህርት ሥራ ሁሉንም መጣል ሳይሆን መርጦ ማስተማር ይሆናል።

የጋብቻ ቃላትም እንዲሁ ታሪክ አላቸው። «አገባ» የሚለው ግስ የመጣው «ገባ» ከሚለው ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ ወደ ቤት ማስገባት ነው። ወንድ «አገባ» ሲባል ሴት ግን «ተዳረች» ትባል ነበር፤ አንዱ አድራጊ፣ ሌላዋ ተደራጊ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ «ባል አገባች» ማለት የተለመደ ሆኗል። ሆኖም «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሚሉት መጠሪያዎች የሴቲቱን ትዳር ለሰሚው ሲያሳውቁ፣ «አቶ» ስለ ወንዱ ትዳር ምንም አይናገርም። ሳያገባ የቆየ ወንድ «ላጤ» ሲባል፣ ሳታገባ የቆየች ሴት «ቆሞ ቀር» መባሏም የዚሁ ሚዛን ውጤት ነው።

4. ባሊሻ፤ በሴት አንደበት ላይ የተጣለ ሥርዓት

ከሐዲይሳ ጋር አንድ የቋንቋ ቤተሰብ በሆኑት በከምባትኛና በሲዳምኛ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም እንዳትጠራ የሚያደርግ «ባሊሻ» የሚባል ልማድ አለ። የሲዳማው ባሊሻ በአንበሳ ተፈራ እ.ኤ.አ. በ1987 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት፣ የከምባታው ደግሞ በጀርመናዊቷ የቋንቋ ሊቅ በኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጠንቶ ታትሟል።

ልማዱ ከስሙ አልፎ በስሙ መጀመሪያ ቀለም የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላት ጭምር ይከለክላል። ነገሩን በአማርኛ ለማስረዳት ያህል፣ አማቷ «ላቀው» የሚባል ሴት ብትኖር «ላም» ማለት አትችልም፤ «ላባ»ም «ላብ»ም አትልም። ለእነዚህ ሁሉ ሌላ ቃል መፈለግ ይኖርባታል። በከምባታና በሲዳማ ሴቶች መፍትሔውን በልዩ ልዩ መንገድ አግኝተውታል። ለብዙ የዘወትር ቃላት በሴቶች ዘንድ የተለመዱ ምትክ ቃላት አሉ፤ ምትክ ለሌላቸውም ነገሩን በተግባሩ ወይም በመልኩ መግለጽ፣ አለዚያም ከጎረቤት ቋንቋ ቃል መዋስ የተለመደ ነው።

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ አይደለም። በደቡባዊ አፍሪካ የዙሉና የኮሳ ሴቶች «ሎኒፓ» በሚባለው ሥርዓት የባላቸውን ዘመዶች ስምና ስሙን የሚመስሉትን ቃላት ይሸሻሉ። በእነዚህ ተራርቀው በሚገኙ አገሮች ሁሉ ባሏ ቤት የምትገባው ሴት የአክብሮቱን ዕዳ በአንደበቷ ትከፍላለች።

ባሊሻን እንደ ጭቆና ብቻ መመልከት ግን ምሉዕ አይሆንም። ሴቶቹ ለአማቶቻቸው ያላቸውን አክብሮት የሚገልጹበት ከመሆኑም በላይ፣ የቃላት ፈጠራ ችሎታን የሚጠይቅ ሥራ ነው። የቋንቋው የቃላት ሀብት እንዲሰፋም አድርጓል። ሁለቱም ገጽታዎች፣ ክልከላውም ፈጠራውም፣ እውነት ናቸው።

ልማዱ ለትምህርት ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም። መሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መካከል ሐዲይሳ፣ ከምባትኛና ሲዳምኛ ይገኙ ነበር። ጽሕፈቱም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ በኋላ ደግሞ ቋንቋዎቹ በላቲን ፊደል እየተጻፉ የመማሪያ ቋንቋ ሆኑ። ባሊሻን አጥብቃ የምትጠብቅ እናት በጎልማሶች ትምህርት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንብቢ ስትባል፣ በገጹ ላይ የተከለከለችውን ቃል ልታገኝ ትችላለች። ዝም ብትል ማንበብ ያቃታት ሊመስል ይችላል፤ ዝምታዋ ግን የአክብሮት ሊሆን ይችላል። ልጇም ከእናቱ የሰማው ቃል በመጽሐፍ ካለው የተለየ ሲሆን፣ የእናቱ ቃል ስሕተት ነው ቢባል የሚጎዳው ቋንቋው ብቻ አይደለም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆችንም የሚመለከት ትምህርት አለ። የአንድን ቋንቋ ቃላት ከወንዶች ብቻ የሚሰበስብ ሰው የቋንቋውን ግማሽ ትቶ ይመለሳል። በከተማ ኑሮና በዘመናዊ ትምህርት መስፋፋት ልማዱ በላላ መጠን የሴቶቹ ምትክ ቃላት ከአሮጊቶቹ ጋር እንዳይጠፉ በጊዜው መመዝገብ ይገባቸዋል።

5. በጽሑፍ የተሣሉ ሴቶች

የሐዲያ ታሪክ በኢትዮጵያ ጽሑፍ ውስጥ ከፍ ያለ ሥፍራ የያዘች አንዲት ሴት አለችው። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ስትሆን፣ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር በመጋባት «ቀኝ በዓልቴሐት» የሚለውን ከፍተኛ የንግሥትነት ማዕርግ ይዛለች። በ1500 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ ሞግዚት በመሆን መንግሥቱን መርታለች፤ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችውም እሷ ነች። የፖርቱጋል መልእክተኞች ኢትዮጵያ የገቡት በ1512 ዓ.ም. ነበር።

የማዕርጉ ስም ዕጣ ራሱ የሚያስተምር ነው። «በዓልቴሐት» የቤት እመቤትን፣ ባለሥልጣን ሴትን የሚያመለክት የግዕዝ ቃል ነበር። ከዚሁ ሥር የወጣው የአማርኛው «ባልቴት» ግን ዛሬ ያረጀችን ሴት ብቻ ያመለክታል። የወንዱ «ባለቤት» ክብሩን ሲይዝ፣ የሴቲቱ ማዕርግ በጊዜ ብዛት ዝቅ ብሏል። በእንግሊዝኛም «ሚስትረስ» የሚለው ቃል የቤት እመቤትን ያመለክት እንደነበርና ኋላ ውሽማን ወደ ማመልከት እንደወረደ ስናይ፣ ነገሩ የአንድ አገር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

በአዲሱ ዘመን ጽሑፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተደርሶ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታትሟል። «ጦቢያ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መጽሐፍ ዋና ባለታሪኩ ሴት ነች። ጠፍቶ የቀረ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ ግን የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ መሄድ አስፈልጓታል። ጾታን በእያንዳንዱ ግስ በሚለይ ቋንቋ እንዲህ ያለ ባለታሪክ መሣል ልብስ ከመለወጥ በላይ ነው፤ ቃልንም መለወጥ ይጠይቃል። አንባቢው በልብ ወለዱ የሚረዳው፣ መንገድ በዚያ ዘመን ለወንድ የተፈቀደ፣ ለሴት ግን በወንድ ስም ብቻ የሚከፈት እንደነበረ ነው።

6. የሕግ ቃላት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ መሆኑን፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ በቁጥር 635 ደንግጎ ነበር። ይህ አነጋገር ለ40 ዓመት ያህል በሕግ መጽሐፍ ከቆየ በኋላ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተተክቷል፤ በዚህም ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት አላቸው ተባለ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን በወንጀልነት ቢያስቀጣም፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባች ክሱ እንዲቀር በቁጥር 558 ይፈቅድ ነበር። በዚህ በር ብዙ ጠላፊ አመለጠ፤ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ «በትዳር ተፈጸመ» ይባላልና። «ጠለፋ» የሚለው ቃል ራሱ ጥልፍ ከመጥለፍ ጋር አንድ መሆኑ ግፉን አለዝቦታል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ሲያደርግ፣ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ይኸው ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትንም ለይቶ በስሙ በወንጀልነት ጠርቶታል።

በዚህ ረገድ «መድፈር» የሚለው ቃል የተለየ ትኩረት ይሻል። ይኸው ግስ ለጀግንነትም ለግፍም ያገለግላል። ወንድ «ደፋር» ሲባል ምስጋና፣ ሴት «ደፋር» ስትባል ብዙ ጊዜ ነቀፋ ነው፤ «ተደፈረች» ሲባል ደግሞ የተፈጸመባት ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ አዘጋጅነት የወጣው «ድፍረት» የተሰኘው የአማርኛ ፊልም ስሙን ከዚህ ድርብ ትርጉም ወስዷል። ፊልሙ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን በመግደሏ የተከሰሰችን፣ ራስን በመከላከልም ነፃ የወጣችን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ መነሻ አድርጓል። ግፈኛው ይዞት የነበረው ቃል በፊልሙ ርእስ ለተበዳይዋ ተመልሷል።

7. ዝም የተባለውና በአደባባይ የተነገረው

ስለ ግብረ ሥጋ የሚነገሩ ቃላት በአብዛኛው የተሸፈኑ ናቸው። የሴት የወር ደም «የወር አበባ»፣ የልጃገረድ ድንግልና «ብር አምባር» ይባላል። «ግብረ ሥጋ» ከግዕዝ የመጣ ሲሆን፣ «ወሲብ» የሚለውም ማግባትን ከሚያመለክተው ከግዕዙ «አውሰበ» ጋር የተያያዘ ነው። በሽፋን መናገር ጨዋነት ነው፤ ቃል የሌለው ጉዳት ግን አቤቱታ የለውም። በደል የደረሰባት ልጃገረድ የምትናገርበት የጨዋ ቃል ካላገኘች ዝም ትላለች።

ዝምታው የተሰበረባቸው አጋጣሚዎች አሉ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሴቶችን በቀበሌ ደረጃ በአንድ አዳራሽ ሰብስቧል፤ የዘመኑ ቋንቋም ከ«ጓድ» ጎን «ጓዲት» የሚል የሴት መጠሪያ ፈጠረ። በኢትዮጵያ የኤድስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቀ በኋላም ስለ ግብረ ሥጋ በሬዲዮ መናገር የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ፣ ስለ በሽታው መከላከያና ስለ ሴቶች መብት ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚያዳምጥበት ሰዓት አነጋግሯል።

በከምባታ የተፈጸመው ከሁሉም የጎላ ነው። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቷት «ከምባቲ መንቲ ጌዝማ» የተባለች ድርጅት ስሟ የከምባታ ሴቶች በአንድነት መቆምን የሚገልጽ ነው። ድርጅቷ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም የተቀመጠበትን የማኅበረሰብ ውይይት ዋና መሣሪያዋ አደረገች። ቀድሞ ያልተገረዘች ሴት መባል ስድብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በጽሑፍ አንጠልጥላ በአደባባይ ተሞሸረች፤ ሙሽራውም በዚህ መደሰቱን በጽሑፍ አሳወቀ። ስድቡ የሠርግ ማስታወቂያ ሆነ። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አረፉ። በሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ የተገረዙ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. 74፣ በ2008 ዓ.ም. 65 በመቶ ሆነዋል። ለውጡ አለ፤ ዘገምተኛ ነው።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ቃል በአዋጅ ብቻ አይለወጥም። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ለጠላፊው የተከፈተውን በር ዘግቷል፤ ይሁን እንጂ በመንደሩ ሽማግሌ ፊት ነገሩ «ጋብቻ» እየተባለ እስከተጠራ ድረስ ሕጉ ዳኛው ዘንድ አይደርስም። በአንጻሩ በከምባታ ቃሉ በውይይት በመለወጡ ሕጉ ደጋፊ አግኝቷል። በክፍል ውስጥም ተማሪዎች «ጠለፋ»ን በሌላ ቃል እንዲተረጉሙ መጠየቅ ከረጅም ትምህርት የበለጠ ሊያስተምር ይችላል።

ሁለተኛ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሲገመገም የሴቶችን ሥዕል መቁጠር አይበቃም። በእያንዳንዱ ምንባብ ማን ይናገራል፣ ማን ያዝዛል፣ ማንስ ስሙ ተጠርቷል፣ ማን «የእገሌ እናት» ተብሎ ታልፏል የሚለው መጤን አለበት። ምሳሌያዊ አነጋገር ሲመረጥም እንዲሁ ነው፤ ሴትን የሚያዋርደው ተረት በታሪክነቱ ሊጠና ይችላል፤ ያለ ማብራሪያ የንባብ መለማመጃ መሆን ግን አይገባውም።

ሦስተኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚዘጋጁ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት የሴቶችን ቃላት መያዝ ይኖርባቸዋል። እንደ ባሊሻ ያለ ልማድ ባለበት ሥፍራ ሁሉ የእናት ምትክ ቃል ሁለተኛ ትክክለኛ ቃል ተብሎ ቢመዘገብ፣ ተማሪው ከቤቱ ሳይጣላ ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል።

አራተኛ፣ የቅጽና የመዝገብ ቃላት ዕቅድን ያዛባሉ። በየቅጹ «የቤት እመቤት» የሚለው መልስ ሥራ እንደሌላት ተቆጥሮ ከተመዘገበ፣ እንሰት የምትፍቀው፣ ውኃ የምትቀዳውና ገበያ የምትውለው ሴት ከአገሪቱ ሥራ ውጭ ትሆናለች። ልጇ ከትምህርት ለምን እንደቀረች የሚፈልገው ዕቅድ አውጪ መልሱን ከዚሁ ባልተመዘገበ ሥራ ውስጥ ያገኘዋል፤ እናት የማትጨርሰው ሥራ የሚወርደው በሴት ልጇ ጫንቃ ላይ ነውና።

በፎንቆ ያለች ተማሪ ከቤቷ ሐዲይሳን፣ ከገበያው ስልጢኛን፣ ከመጽሐፍ አማርኛን ታገኛለች። ሦስቱም ስለ እሷ የሚሉት አላቸው። ከሦስቱ የትኛውን ቃል እንደምትወርስ፣ የትኛውንም እንደምትተው የመምረጥ ችሎታ ሊሰጣት የሚችለው ትምህርት ቤቱ ነው።